ያለ ፈረስ በጉም ውስጥ

በጠገራ ብር ዘመን ነው። በባሌ ምድር፣ ከጎባ በላይ ወደ ሰነቴ በሚወጣው ዳገት ሥር አራት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። አንዱ ገብስ አራሽ ነው። ሁለተኛው ከሐረና ደን ማር እየቆረጠ ይሸጣል። ሦስተኛው ከብት ነጋዴ ነው። አራተኛዋ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ቅቤ ይዛ ገበያ ለገበያ እየዞረች አንዲት ልጇን ታሳድጋለች። አራቱም ለፍተው ብር ቋጥረዋል።

ብር ግን ቤት አያድርም። የሣር ክዳን ለማንደድ አንድ ፍም ይበቃል፤ ሌባ ከመጣም የዚያ ዘመን መቀርቀሪያ ቀጭን እንጨት ነው። ባንክ በአካባቢው የለም። ስለዚህ ሰው ብሩን በገንቦ አድርጎ ከመንደር ርቆ ደጋው ላይ ይቀብራል። ደጋው የሁሉም ነው፤ ሁሉም ያየዋል፣ የሁሉም ከብት ይግጥበታል። ገንቦውን የሚጠብቅ ዘበኛ የለም፣ አጥርም የለም። የሚጠብቀው ቦታውን ከባለቤቱ በቀር ማንም አለማወቁ ብቻ ነው። ባለቤቱም ቢሆን ከሰፊው ሜዳ መካከል ቦታውን የሚለየው በምልክት ነው፦ ከዚህ ድንጋይ ተነሥቶ ይህን ያህል እርምጃ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ ከዚያ ወደ ገደሉ፣ ከገደሉ አፍ ደግሞ ወደ ግራ እያለ የሚሄድ አሥራ ሁለት ምልክት። አሥራ ሁለቱን በቅደም ተከተላቸው የያዘ ሰው ብሩን ይዟል። ያልያዘው ሣርና ድንጋይ ነው የሚያየው።

ታዲያ ብር ባስፈለገ ቁጥር አሥራ ሁለት ምልክት እየቆጠሩ መመላለስ ያደክማል። ለዚህም ፈረስ ያስለምዳሉ። ባሌ የፈረስ አገር ነው። በደንብ የለመደ ፈረስ ጌታው ልጓሙን ሳይነካ በጨለማም በጉምም ወስዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ያቆመዋል። ባዕድ ከተቀመጠበት ይጥለዋል። ባዕዱ ሦስት ጊዜ ከሞከረ ፈረሱ በርግጎ ሜዳ ለሜዳ ይጠፋል፤ ያን መንገድም ከዚያ ወዲያ አያውቀውም። እንዲህ ያለ ፈረስ ነው እንግዲህ።

ገብስ አራሹ ፈረስ አልነበረውም። አንድ የገበያ ቀን አንድ መንገደኛ ነጋዴ ያማረ ቡላ ፈረስ እየሳበ መጣና፣ «ኦቦ፣ ለምን ይደክማሉ?» አለው። «ይህ ፈረስ መንገድ የተማረ ነው። ደጋው ላይ ማንም የማያውቀው ጉድጓድ ቆፍሬ አስለምጄዋለሁ። ምልክቱንም በብራና ጽፌ ከኮርቻው ሥር አኑሬልዎታለሁ። ብርዎን ይዘው መውጣት ብቻ ነው የቀረዎት።» አራሹ ደስ አለው። በፈረሱ ተቀመጠ፣ ፈረሱም እንደተባለው ወሰደው። ጉድጓዱ ጥሩ ነበር፣ ደረቅና ጥልቅ። ብራናውም ልክ ነበር። ጥቂት ብር አስቀመጠ፤ ከወር በኋላ ሲመለስ አገኘው። ጨመረበት፤ ያንንም አገኘው። ከመኸር በኋላ በሬ የሸጠበትን፣ ገብስ የሸጠበትንና የልጁን መዳሪያ በሙሉ ወስዶ አኖረው። ቀጥሎ ሲሄድ ፈረሱ እንደ ወትሮው ትክክለኛው ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉድጓዱ ባዶ ነበር።

አራሹ ለብዙ ጊዜ ፈረሱን ሲወቅስ ይሰማ ነበር። ፈረሱ ምን አጠፋ? የተማረውን ነው የሠራው። ምልክቶቹ ግን ከአራሹ በፊት ሌላ ባለቤት ነበራቸው፤ ያም ባለቤት ገንቦው እስኪሞላ ለመጠበቅ ትዕግሥት ነበረው።

ማር ቆራጩ ይህን ሰምቶ ጠንቃቃ ሆነ። ፈረሱን ከውርንጭላነቱ ራሱ አሳደገ፣ ራሱ አስለመደ። ምልክቱንም ራሱ መረጠ። የቄስ ትምህርት ቤት ቆይቶ ስለነበር ፊደል ያውቃል፤ አሥራ ሁለቱን ጽፎ ወረቀቷን ማተቡ ላይ ሰፋት። ከዚያ በኋላ ግን አንድም ቀን አላነበባትም። ፈረሱ እያለ ምን አስነበበው? ዓመት በዓመት ላይ አለፈ። አንድ የታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ ሲጠና ጅብ ገብቶ ፈረሱን በላው። ማር ቆራጩ ለፈረሱ አዘነ፤ ስለ ብሩ ግን፣ «ወረቀቴ አለች» ብሎ በእግሩ ወጣ።

አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምልክት አገኘ። አራተኛው፣ «ብቻውን ከቆመው ትልቅ ጅብራ» ይላል። ሰነቴን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ልቡ ይደነግጣል። ጅብራ የሚባለው ተክል ረጅም ዘመን ኖሮ፣ ከሰው ቁመት በላይ ዘልቆ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። ማር ቆራጩ ሲጽፍ ብቻውን የነበረው ጅብራ አብቦ፣ ደርቆ፣ ወድቆ፣ በነፋስ ተበትኗል። በቦታው ሃያ ሠላሳ ለጋ ጅብራ በቅሏል። ከየትኛው ይቁጠር? ከአንዱ ቆጥሮ ቆፈረ፣ ከሌላው ቆጥሮ ቆፈረ። ደጋው ላይ የሚኖረው ግዙፍ ፍልፈል አፈሩን በየቦታው ስለሚያገላብጠው መሬቱ ሁሉ ሰው የቆፈረው ይመስላል። ሦስት በጋ ቆፈረ። የእሱን ብር ማንም አልሰረቀውም። እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

የከብት ነጋዴው ታሪክ አጭር ነው። ፈረሱም ምልክቱም ጥሩ ነበሩ። አንድ ክረምት ንጹሕ ኩታ የለበሰ፣ አነጋገሩ የተቆጠበ ሰው ደጁ መጣ። «ጅቦች በደጋው ላይ ጉድጓድ እያወጡ ነው። የእርስዎ መነካት አለመነካቱን እንድናይ ተልከናል፤ ምልክቱን ይንገሩንና ዛሬውኑ እናጣራልዎት። እስከ ነገ ካደሩ ግን አንችልም» አለው። ነጋዴው ገበያ ላይ አንድ ሳንቲም የማይታለል ሰው ነበር። ፍርሃትና ጥድፊያ አንድ ላይ ሲመጡበት ግን አሥራ ሁለቱንም ተናገረ። ማታውን ተረጋግቶ አደረ። ጠዋት ሲወጣ የገንቦ ስባሪ አገኘ።

ሴትዮዋ የሦስቱንም ለቅሶ ደርሳለች። ለብር ለቅሶ አይደረስም ይባል ይሆናል፤ እሷ ግን ቡና ይዛ ሄዳለች፣ ከእያንዳንዱም ዘንድ ቁጭ ብላ እንዴት እንደሆነ ጠይቃለች። ከዚያ ወዲህ ያደረገችውን ነው የባሌ ሽማግሌ ሲያወራው የሚያመሸው።

መጀመሪያ ገበያ የሚዞር ፈረስ አልገዛችም። ፈረስ ከሚያረባ ሰው ደጅ ድረስ ሄዳ፣ እናቱን አይታ፣ ኮርቻ ያልነካው ውርንጭላ ገዛች። መንገድ ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ አትወስደውም ነበር። «ጥሩ ነገር አስተምረነዋል» ያሏትንም ሁለት ፈረሶች ትታ ነው ያለፈችው።

ቀጥላ ምልክት ማውጣት ነበረባት። ማታ እሳት ዳር የገበጣ ጠጠሮቿን በቁና ሰብስባ ተቀመጠች። ልጇ ገርሟት፣ «እማ፣ በጠጠር ምን ልትሠሪ ነው?» አለቻት።

«ዕጣ ልጥል። ስንት እርምጃ፣ በየት በኩል፣ ከየትኛው ድንጋይ እንደሆነ ጠጠሩ ይንገረኝ።»

«ለምን ራስሽ አትመርጪም?»

«እኔ ከመረጥኩማ እኔን የሚያውቅ ሁሉ ይደርስበታል። ከአባትሽ መቃብር እነሣለሁ፣ ወደ ተወለድኩበት አገር እዞራለሁ፣ የአንቺን ዕድሜ ያህል እራመዳለሁ። ጎረቤት ቁጭ ብሎ ቢያስብ አያገኘውም ብለሽ ነው?»

ጠጠሩ መውደቅ ሊጀምር ሲል ልጅቷን ወደ መኝታዋ ሰደደቻት። ልጇን ስለማታምን አልነበረም። ልጅ ከልጅ ጋር ይጫወታል፤ በጨዋታ መካከል የወጣ ነገር ደግሞ ተመልሶ አይገባም።

ፊደል አታውቅም ነበር። የዕጣውን ውጤት በጋለ ወስፌ በበሬ ቀንድ ላይ ቀረጸችው፤ ለእርምጃው ጭረት፣ ለአቅጣጫው ሌላ ምልክት አበጀች። መነሻዎቿ ሁሉ ከመሬት የማይነቀል ዓለት ናቸው። አንድ ዛፍ፣ አንድ ቁጥቋጦ አልገባበትም። ወረቀት የክረምት ጭስና ርጥበት ይበላዋል፤ ቀንድ ይቆያል። ያንኑ በሌላ ቀንድ ላይ ደገመችው። አንዱ ከእሷ ዘንድ ቀረ። ሌላውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ አፉን ሰፍታ፣ ሮቤ ከሚኖረው ወንድሟ ሣጥን ውስጥ ራሷ ቆለፈችበት። ቁልፉን ይዛ ተመለሰች። ወንድሟ ምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

ፈረሱን አስለመደች። አሁን ሁሉ ነገር አለቀ ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። እሷ ግን ደጋው ላይ ወጥታ አንድ ጠገራ ብር ብቻ ቀበረች። ሌላውን ሁሉ እዚያው ቤቷ፣ እየሰጋችም ቢሆን፣ አቆየችው። ከዚያ ጉም እስኪወርድ ጠበቀች።

ሰነቴ ላይ ጉም ሲወርድ የራስ እጅ አይታይም። አንድ ንጋት ደጋው እንዲያ ሆኖ ተሸፈነ። ፈረሱን ከግርግም እንደታሰረ ትታ፣ ቀንዷንና በትሯን ይዛ በእግሯ ስትነሣ ጎረቤቷ በአጥር ላይ አያትና፣ «አዴ፣ ምን ነካሽ? ፈረስ እያለሽ በእግርሽ? ጉሙ ሳይገለጥ? ያውም ለአንድ ብር!» አላት።

«ለአንድ ብር ስለሆነ ነዋ» አለችው። «ልሳሳት ከሆነ ዛሬ ልሳሳት።»

የቀንዱን ጭረት በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ወጣች። እስከ ስድስተኛው ድረስ ዓለቶቹን በእጇ እየነካች ደረሰች። ሰባተኛው ላይ ጠፋት። ቀንዱ ወደ ግራ ይላል፤ ወደ ግራ ሄደች፤ ዓለት የለም። ተመልሳ ደግማ ቆጠረች፤ የለም። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገባ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቀይ ቀበሮ ከጉሙ ወጥታ አየቻትና ተመልሳ ጉሙ ውስጥ ገባች። ሴትዮዋ ቀንዱን ደጋግማ ዳበሰችው። በእሷ ልብ ውስጥ ቦታው ቁልጭ ብሎ ይታያታል፤ ቀንዱ ግን አያደርሳትም። ልቧን ተከትላ ብትሄድ ታገኘው ነበር። አልሄደችም። ልቧ ነገ ላይኖር ይችላል፤ የሚቀረው ቀንዱ ነው። ብሯን ሳታገኝ ወደ ቤቷ ወረደች።

ሰማዩ በጠራ ማግስት በፈረሱ ወጥታ ስህተቱን አየችው። ሰባተኛውን ምልክት የቀረጸችው ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ ነበር፤ በጉሙ ቀን ግን ወደ ዳገቱ እያየች ነው የደረሰችው። ግራዋ ቀኟ ሆኗል። የሮቤውንም አምጥታ ሁለቱንም ቀንዶች አቃጠለቻቸው። አዲስ ዕጣ ጣለች፣ እንደ ፊቱ ሁለት አዲስ ቀንድ ቀረጸች፣ አንዲቱንም ብር አውጥታ ወደ አዲሱ ቦታ ወሰደቻት። እንደገና ጉም ጠበቀች። ሁለተኛው ጉም ሊመጣ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በዚያ ቀን ያለ ፈረስ፣ ያለ ዓይን፣ በጣቷ ብቻ ሄዳ አንዲት ብሯን ከአፈር አወጣቻት። ሌላውን ገንዘብ የወሰደችው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም በሦስት ጊዜ።

ፈረሷ ከዓመታት በኋላ ተሰረቀ። ሌባው ሦስት ጊዜ ወድቆ ክንዱን ተሰብሮ ተገኘ፤ ፈረሱ የገባበት ጠፋ። ሴትዮዋ ለፈረሷ አለቀሰች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ሌላ ውርንጭላ ገዛች፣ ቀንዱን አውጥታ አስተማረችው። ስታረጅ ደግሞ ልጇን ጠርታ የሁለቱን ቀንዶች ቦታ ነገረቻት፣ ቁልፉንም አስያዘቻት፤ ምልክቶቹን ግን በቃል አልነገረቻትም። «እኔ ስሞት አውጪና ዳብሺው። ሊያግዝሽ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ ቀንዱን ግን ለአንዱም አታሳዪ» አለቻት።

ምሳሌው እስከዚህ ነው። እኔ የምነግረው እንደ ፍላሽ ያለች ትንሽ መሣሪያ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው። ሃርድዌር ዋሌት ይሏታል፤ ቢትኮይንና ሌላውን ክሪፕቶ የተባለ ዲጂታል ገንዘብ የሚይዙባት። «የሚይዙባት» ስል ግን ተሳሳትኩ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ መሣሪያዋ ውስጥ የለም። ገንዘቡ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች በየራሳቸው በሚይዙት አንድ ዓይነት መዝገብ ላይ ነው፤ ደጋው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ሜዳ። መሣሪያዋ ፈረሷ ናት። ፒን ቁጥሩን ባዕድ ደጋግሞ ሲሳሳት ራሷን ትደመስሳለች፤ አንዳንዷ በሦስተኛው ስህተት፣ አንዳንዷ በአሥራ ስድስተኛው። መጀመሪያ ስትከፈት በዕጣ የምታወጣቸው፣ ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት ወይም ሃያ አራት የሚሆኑ ቃላት ናቸው ቀንዱ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ግን ሕጉ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየትና መክፈል በአገራችን ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች ኃይል ሸጧል። ይህን አይቶ፣ «ተፈቅዷል ማለት ነው» የሚል ወጣት ብዙ ነው። ለኩባንያ የተሸጠ መብራት ለግለሰብ ክፍያ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም፤ መጀመሪያ ይጠየቅ። ውጭ አገር ሆኖ በሕጉ የገዛ ወገናችንም ቢሆን እህል መግዣውን ወደዚያ ባይወስድ እመክራለሁ፤ ዋጋው በአንድ ሌሊት የሚወድቅ ነገር ነው።

መንገድ የተማረውን ፈረስ እንዳትንቁት። ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ትሬዞር የተባለችውን መሣሪያ አስመስሎ የተሠራ አንድ ሐሰተኛ ፈትቶ አሳይቷል። ውጪው ከእውነተኛው አይለይም። ውስጡ ግን ዕጣ የሚጥል መስሎ፣ አታላዮቹ አስቀድመው ካዘጋጇቸው ሃያ የቃላት ስብስቦች አንዱን ያወጣ ነበር። ባለቤቱ ቃላቱ ለእሱ የተወለዱ መስሎት ጻፋቸው፤ ገንዘቡም ተወሰደ። ስለዚህ ከሠሪው በቀጥታ ይገዛል። ያገለገለ፣ የተከፈተ ወይም ቃላቱ በወረቀት ተጽፈው የመጡ ከሆነ አይነካም። ንጹሕ ኩታ የለበሰው ሰውዬም ዛሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሌጀር ከተባለው አምራች የደንበኞች ስምና አድራሻ አፈተለከ፤ ከ270,000 በላይ ሰዎች የሚኖሩበት ሳይቀር ታወቀ። በዓመቱ ለአንዳንዶቹ፣ «መሣሪያዎ ለአደጋ ስለተጋለጠ በዚህ ይተኩ» የሚል ደብዳቤ ከሐሰተኛ መሣሪያ ጋር በፖስታ ደረሳቸው። እኛ ዘንድ የሚመጣው በቴሌግራም ነው፣ «የደንበኞች አገልግሎት ነኝ» እያለ። ቃላቱን የሚጠይቅ ሐቀኛ ድርጅት የለም፤ አንድም የለም። ቃላቱ ፎቶ አይነሡም፣ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አይተየቡም። የሚገቡት መሣሪያዋ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቀንዱ ልምጣ፣ ለእኛ ሰው የተለየ ጉዳይ ስላለው። ቃላቱ የሚወጡት ከ2,048 ቃላት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በሌሎችም ተዘጋጅቷል፤ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ግን የለም፤ መሣሪያዎቹም በአብዛኛው የሚያወጡት የእንግሊዝኛውን ነው። የሚገርመው የባሌ ሰው ዝርዝሩን ቢያየው አገሩን ያገኝበታል፤ ፈረስ አለበት፣ ቀንድ አለበት፣ ማር፣ ስንዴና ጉምም አሉበት። እያንዳንዱ ቃል በመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ብቻ ከሌላው እንዲለይ ተደርጎ ነው የተመረጠው። ፈረስና ቀንድ በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል ይጋራሉ፤ የሚለያዩት በአራተኛው ነው።

ጥንቃቄው የሚፈርሰው ቃሉን በጆሮ ሰምተን በግእዝ ፊደል ስንጽፈው ነው። «ዊል» ብሎ የጻፈ ሰው ጎማ ነው ያለው ወይስ ፈቃድ? ሁለቱም ዝርዝሩ ላይ አሉ፣ በእኛ ፊደል ሁለቱም «ዊል» ናቸው። ባለፈው ክረምት የዘመድ ልጅ ሚኒሶታ ካለች እህቱ የተላከለትን መሣሪያ ይዞ ሮቤ ቤቴ መጣ። አንድም ቃል እንዳይነግረኝ፣ እንዳያሳየኝም አስጠነቀቅሁት። «ግድ የለም ጋሼ፣ ሁሉንም ጽፌያለሁ» አለኝ። ምሳሌውን ነገርኩት። የአንድ ምሳ ዋጋ ያህል ብቻ ወደ መሣሪያው እንድትልክለት እህቱን ጠየቃት። ገንዘቡ ሲገባ፣ ሆን ብሎ ፒኑን እየተሳሳተ መሣሪያዋን አስደመሰሳት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቃላቱን ከወረቀቱ እያየ አንድ በአንድ ማስገባት ጀመረ፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ መስኮቱ ዞሬ ተቀመጥኩ። ሃያ አራቱንም ጨረሰ፤ መሣሪያዋ፣ ልክ አይደለም አለች።

በአማርኛ ፊደል ነበር የጻፋቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ አንዱን በሌላው እየቀየረ ሞከረ። አልሆነም። ያቺ የምሳ ዋጋ እዚያው ደጋው ላይ ቀረች፣ ከማር ቆራጩ ብር ጋር።

እህቱ ያን ቀን ልትልክ ያሰበችው የአራት ዓመት ቁጠባዋን ነበር።

ማግስቱን መሣሪያዋ አዲስ ዕጣ ጣለች። በላቲን ፊደል፣ በትልልቁ፣ እያንዳንዱን በቁጥር ጻፈ። ሌላ የምሳ ዋጋ ተላከ። ደመሰሳት። እንደገና መስኮቱን እያየሁ ሳለሁ ከኋላዬ ድምፁ ጠፋ፤ ቆይቶ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ተመልሳለች። ሁለተኛውን ቅጂ ለመቅረጽ ብረታ ብረት ቤት ቆርቆሮ ልንለምን ስንወጣ ግን አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ፣ «አንተ ነገ ብትታመም ቀንዱ የት እንዳለ ማን ያውቃል?» አልኩት።

«እናቴ አለች፤ ግን እንግሊዝኛ አታነብም» አለኝ።

እንድታነብ አይደለም የሚፈለገው። የት እንዳለ ብታውቅ፣ ለማን እንደማታሳይ ብታውቅ ይበቃል። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አሰበበት፤ ለእሷ ምን ብሎ እንደሚጀምር ጨንቆት ነበር። በመጨረሻ፣ «ስለ ፈረሱ እነግራታለሁ» አለና ሳይመሽ በሚኒባስ ወደ ጎባ ተሳፈረ።